ሚጡን ይዤ አዲስ አበባ ቤት ስፈልግ

ከባንካችን የባሕር ዳር ቅርንጫፍ አዲስ አበባ ወዳለው ዋናው መሥሪያ ቤት መዛወሬን የሰማ ሁሉ ሰፈር መረጠልኝ። የቢሮ ጓደኞቼ «ሰሚት ምን የመሰለ ሰፈር ነው!» አሉ። የባለቤቴ ወንድም «ከአያት ውጪ እንዳታስቢ» አለ። አለቃዬ ለነበሩት ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ማለት ገርጂ ብቻ ናት። ምክራቸውን ሁሉ በደስታ ተቀበልኩ። ችግሩ አንዳቸውም ድክ ድክ የምትል ልጅ ይዘው የኪራይ ቤት ፈልገው አያውቁም።

ልጄ ሚጡ ያኔ ሁለት ዓመት ሊሞላት ትንሽ ቀርቷት ነበር። ደረጃ ካየች ሳትወጣ አታልፍም፤ የተከፈተ በር ካገኘች ውጪ ናት፤ «ተይ» የሚለውን የምትሰማው ሲመቻት ብቻ ነው። አባቷ ዩኒቨርሲቲ ስለሚያስተምር የዓመቱን ትምህርት ሳይጨርስ መምጣት አይችልም፤ እስከዚያ ድረስ እኔና እሷ ብቻችንን ነን። መሥሪያ ቤቴ ሰንጋ ተራ ነው፤ ባንኮቹ ፎቆቻቸውን የደረደሩበት አካባቢ።

ከሁሉ በፊት ሰዓት ቆጠርኩ። ሚጡ ማታ 2 ሰዓት ላይ ትተኛለች። እኔ ከቢሮ የምወጣው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ያውም ሒሳብ ከገጠመልኝ። የታክሲ ሰልፉ፣ መንገዱ፣ ራቷ፣ እግሯን መታጠቡ ሁሉ ሲደመር፣ 1 ሰዓት ላይ በር ካልከፈትኩ የሚጠብቀኝ የተኛ ልጅ ነው። ጠዋት ደግሞ ሳትነሳ ከወጣሁ ከሰኞ እስከ ዓርብ አንተያይም። በዚህ ስሌት ከተማው ዳር ያሉት የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ገና ሳላያቸው ወጡ። ቤቶቹ አዲስ ናቸው፣ ኪራዩም ይሻላል፤ ነገር ግን እንደነሱ ዳር ያለው ኮዬ ፈጬ የምትኖር ባልደረባዬ ሰርቪስ የምትጠብቀው በጨለማ ነው። «ልጄ እኔን የምታውቀኝ ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ሰኞ ስሄድ ‹ደህና ሁኚ› ትለኛለች፣ እንደ እንግዳ» አለችኝ። እየሳቀች ነው የነገረችኝ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

ያረፍነው አያት የባለቤቴ ወንድም ቤት ስለነበር አያትን በደንብ አየሁት። እውነቱን ለመናገር ለልጅ ደስ ይላል፦ መንገዱ ሰፊ ነው፣ አየር አለው፣ ግቢዎቹ ውስጥ ሣር አለ። ባቡሩም ከዚያው ይነሳል፤ በመገናኛ፣ በስታዲየም አድርጎ ሜክሲኮ ያወርዳል፤ ከሜክሲኮ ሰንጋ ተራ በእግር ነው። አማቼ ይህን ካርታ ላይ በጣቱ እየሳለ ሲያሳየኝ እንከን አላገኘሁበትም። ከዚያ ጠዋት ላይ ሚጡን አዝዬ ተሳፈርኩ። ከአያት ስንነሳ መቀመጫ ሞልቷል፣ ጉርድ ሾላ ላይ መቆሚያም ጠፋ። አንዲት እናት «ልጅቷን ወደ ፊት አዙሪያት፣ ጀርባሽ ላይ እንዳትታፈን» ብለው ነጠላዬን ራሳቸው ፈትተው አሰሩልኝ። ባቡሩ በ2008 ሥራ ሲጀምር ከተማው እንዴት እንደተደሰተ አስታውሳለሁ፤ ለአዋቂ ዛሬም ብዙ መንገድ ይገላግላል። ልጅ ታቅፎ በየቀኑ ግን የሚሞከር አይደለም። በዚያ ላይ አያት ዘመድ ማለት አማቼ ብቻ ነው፤ እሱም ሚስቱም ሠራተኞች ናቸው።

ልደታ ኮንዶሚኒየም ደግሞ ተቃራኒው ነው። ቢሮዬ በእግር ይደረሳል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ልጄን አይቼ መመለስ እችላለሁ ብዬ ጓጓሁ። ያየሁት ባለ አንድ መኝታ ቤት ዋጋው ሌላ ሰፈር ባለ ሁለት መኝታ ያስይዛል፤ እሱንም እሺ ልል ነበር። ግቢው ግን መኪና ነው። የነዋሪው አይበቃ ይመስል ፍርድ ቤት ባለጉዳይ ሲመጣ ያገኘበት ያቆማል። ልጆች ሲጫወቱ ያየሁት በሁለት መኪኖች መካከል ነው፤ ኳሳቸው ጎማ ሥር ሲገባ አንዱ ልጅ በሆዱ ተኝቶ እጁን ሰደደ። ደላላው «ልጅ እኮ ይለምዳል» አለኝ። ልጅማ ይለምዳል፤ ሹፌሩ ነው የማይለምደው።

ገርጂ የሄድኩት ለአለቃዬ አክብሮት ነው። ደላላው ገና በስልክ «ልጅ አለሽ?» አለኝ። አንድ አለች አልኩት። «አንድ? እሺ፣ አንድ አይቆጠርም» ብሎ ይዞኝ ሄደ። ልጅ የማይፈልጉ አከራዮች እንዳሉ ያወቅሁት እዚያ ነው። «ባልና ሚስት፣ ልጅ የሌላቸው» ተብሎ በግልጽ ይነገራል። ያሳየኝ ቪላ ጓሮ ያለ ሰርቪስ ቤት ነው፤ ግቢው በጽጌረዳ የተሞላ፣ ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ። የቤቱ ባለቤት እናት ከበረንዳቸው ሳይነሱ ደንቡን ነገሩኝ፦ ልብስ የሚታጠበው በተወሰነ ቀን ነው፣ እንግዳ አያድርም፣ አበባ አይነካም። እሳቸው ሲናገሩ ሚጡ ጽጌረዳውን አልፋ በቀጥታ የሄደችው ወደ መሬት ውስጥ የውሃ ማጠራቀሚያው ነው። ክዳኑ ዝገት የበላው ላሜራ ሲሆን ላዩ ላይ ብሎኬት ተቀምጦበታል። ብሎኬቱን በሁለት እጇ ይዛ ልትገፋ ስትታገል ደረስኩባት። እናትየው «ግድ የለም፣ አትችለውም» አሉ። ዛሬ አትችለውም። በሚቀጥለው ዓመትስ?

ከዚያ ሁሉ በኋላ ነገሩን የቆረጡት አክስቴ ናቸው።

አክስቴ ከጎፋ ገብርኤል በታች የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ከጎጃም ከወጡ አርባ ዓመት ቢያልፋቸውም አነጋገራቸው ትናንት የመጡ ያስመስላቸዋል። ልጠይቃቸው ስሄድ ልጅቷን ለማን ትቼ ልሠራ እንዳሰብኩ ጠየቁኝ። ሞግዚት በደላላ እየፈለግሁ ነው አልኳቸው። እውነትም እየፈለግሁ ነበር፤ ግን ሞግዚት አግኝቶ ማቆየት ቤት ከማግኘት ይከብዳል፤ ልጅን ከማታውቂው ሰው ጋር ቀን ሙሉ ዘግተሽ መሄድ ደግሞ ባልለመዱት ከተማ ሌላ ፈተና ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ብሆን የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ የሕፃናት ማቆያ እንዲቋቋምልኝ ያዝልኝ ነበር፤ የግል ባንክ ላይ ያ ግዴታ የለም፣ የእኛም ባንክ የለውም። የግል ማቆያዎችም አይቻለሁ፤ ደህናዎቹ አሉ፣ ግን በአብዛኛው የሚዘጉበት ሰዓት እኔ ገና ቄራ ላይ ታክሲ ውስጥ ስሆን ነው።

አክስቴ ሲኒያቸውን አስቀምጠው «ልጅቷን እኔ እይዝልሻለሁ» አሉኝ። «ታክሲ ተሳፍሬ ግን አልመጣም። ጉልበቴን ታውቂዋለሽ። በእግሬ በምደርስበት ተከራዪ፣ ካልሆነ ይቅርብሽ።»

አለቀ። ያን ሁሉ ቀን ከአያት እስከ ጀሞ ስዘረጋው የነበረው ካርታ አክስቴ ከደጃቸው ተነስተው፣ ሽቅብ ሳይወጡ፣ ዋና አስፋልት ሳይሻገሩ የሚደርሱበትን ያህል ሆነ። እንዲህ ሲጠብ እፎይ አልኩ። ከጎፋ ገብርኤል በቄራ አድርጎ ሜክሲኮ የሚሄድ ታክሲ አለ፤ ማታ ሰልፍ ቢኖረውም ከአያትና ከጀሞ ሰልፍ ጋር አይወዳደርም። ሰዓቴን እንደገና ቆጠርኩ፤ 1 ሰዓት ሳይሞላ ቤት እገባለሁ።

አካባቢው ሲታወቅ ቀሪው ሥራ ብሎክና ወለል መምረጥ ነው፤ እኔ በበኩሌ ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ሰው «ጎፋ ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የትኛው ብሎክ? በየት በኩል? ስንተኛ ፎቅ? በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ብሎኮች እንደ ሁለት ከተማ ይለያያሉ።

ኮንዶሚኒየሞቹ በአብዛኛው አራት ፎቅ ናቸው፣ ሊፍት የላቸውም። አራተኛ ፎቅ ይረክሳል፤ ልጅ፣ ዘንቢልና ጄሪካን ይዞ ለሚወጣ ግን ርካሽ አይደለም። መሬት ያለው ደግሞ ወይ ሱቅ ነው ወይ ማንሆሉ ሲሞላ የመጀመሪያው ተጠቂ ነው። ስለዚህ አንደኛ ፎቅ አልኩ፤ ቢበዛ ሁለተኛ። ደረጃው ላይ የማየው የብረት መደገፊያውን ነው። ያየሁት አንድ ብሎክ ላይ በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት የሚጡን ጭንቅላት በደንብ ያስገባል፤ ታችኛው አግዳሚ ተነቅሎ በሽቦ ታስሯል። አከራዩን ሳነጋግረው «ኮሚቴው ያሠራዋል» አለኝ። መቼ ስለው ወደ ሰማይ አየ። በረንዳውም እንደዚያው፤ መደገፊያው ሥር የአበባ ማሰሮ ወይ የጋዝ ሲሊንደር ተቀምጦ ካየሁ ልጅ ለመውጣት ደረጃ ተሠርቶላታል ማለት ነው። በተከራየሁት ቤት በረንዳውን መጀመሪያ ያስደረግሁት ወንፊት ሽቦ ነው፤ የብረት ሠራተኛው ግማሽ ቀን አልፈጀበትም።

ውሃን አከራይ አይጠየቅም። የትኛውም አከራይ «ውሃ ችግር የለም» ይላል። የሚጠየቀው ደረጃ ላይ ጄሪካን ይዞ የሚወጣ ሰው ነው። «ፈረቃችሁ መቼ መቼ ነው? ሲመጣስ እላይ ይደርሳል?» እላይ ይደርሳል ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ያወጣል፤ ውሃው ለግቢው መጣ ማለት ለሦስተኛ ፎቅ ደረሰ ማለት አይደለም። ሽንት ጨርቅ ልታቆም ስትለማመድ በቀን ሦስት ሱሪ የምትቀይር ልጅ ላለችው ቤት ይህ የጎን ጉዳይ አይደለም። በረንዳው ላይ ሮቶ ማስቀመጥ ይፈቀዳል ወይ ብዬም ጠየቅሁ፤ ባለ አንደኛ ፎቅ በመሆኔ ማንም አልተቃወመኝም።

ድምፅ ሌላው ነው። ሰው ቤት የሚያየው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ እኔ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ መሄድ ጀመርኩ፣ ሚጡ የምትተኛበት ሰዓት ስለሆነ። በጣም ከወደድኩት ቤት ሥር የብረት በር የሚሠራ ወርክሾፕ ነበር። ቅዳሜ ዝግ ነው፤ ማክሰኞ ግን የግራይንደሩ ጩኸት ጥርስ ያንቀጠቅጣል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጎን ያለውንም ቤት ተውኩት። አክስቴ ተቀየሙኝ፤ «ቅዳሴ ሰምቶ ያደገ ልጅ ምን ሆነ?» አሉ። ምንም አልሆነም፤ እኔም ሰምቼ ነው ያደግሁት። ግን በወሩ 19 በገብርኤል፣ ይልቁንም በታኅሣሥና በሐምሌ፣ ሌሊቱን ድምፅ ማጉያው መስኮታችን ሥር አድሮ ጠዋት ሥራ የምገባው እኔ ነኝ። ሁለት ቅያስ ራቅ ብዬ ያዝኩ፤ አሁን ይሰማል፣ ግን አይቀሰቅስም።

ለብርዱ የባሕር ዳር ሰው ሳይዘጋጅ ይመጣል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ አዲስ አበባ መሃሉ ከ2,300 ይበልጣል፣ እንጦጦ አናቱ ላይ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። ስለዚህ ወደ ሰሜን ሽቅብ በተኬደ ቁጥር ብርዱ ይጨምራል፤ ወደ ደቡብ ወደ አቃቂ ቁልቁል ሲኬድ ይለዝባል። ጎፋ በደቡቡ በኩል መሆኑ ጠቅሞኛል፤ ከሰፈሩ በላይ ግን ወሳኙ የቤቱ ፊት ነው። በባዶ እግሯ ስትሮጥ ያደገች ልጅ ሐምሌ ላይ ፀሐይ የማያየው ሲሚንቶ ወለል ላይ ስትቀመጥ አፍንጫዋ አይደርቅም። ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መኝታ ቤት እንዲሆን ለምኜ፣ ሳሎኑ ጠበብ ቢልም ወሰድኩት።

ጋሪ ስለመግፋት የሚጠይቁኝ አሉ። ኮሪደር ልማቱ በደረሰባቸው ዋና መንገዶች ላይ እግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ ተስተካክሏል፣ ጋሪ ይገፋበታል። ችግሩ ሰው የሚኖረው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ መሆኑ ነው፤ እዚያ ኮብልስቶን ነው። የሚጡ ጋሪ የፊት ጎማው በአንድ ክረምት ተሰናበተ። ሚጡ ራሷ ግን በመንቀጥቀጡ ሁልጊዜ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር፤ ይኸም አንድ ጥቅም ነው። አሁን አዝላታለሁ ወይ በእግሯ እናዘግማለን።

ግቢ ለመምረጥ ያዋጣኝ ሰዓት ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ነው። ያኔ ልጆች ከትምህርት ቤት ገብተው ይወጣሉ። ትንንሾቹ ያለ ወላጅ ከታላላቆቻቸው ጋር ግቢው ውስጥ ካሉ፣ ጥበቃውም የማን ልጅ እንደሆኑ በስም ከጠራቸው፣ ሌላ ማስረጃ አልፈልግም። የአሁኑ ግቢያችን ጥበቃ ሚጡ በሩን ልታልፍ ስትል «የአንደኛ ፎቋ! ወዴት ነው?» ይላታል። እሷም ትመለሳለች፤ እኔ ብጠራት አትመለስም።

ስለ ውል አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስና እንዲመዘገብ ይላል። መጀመሪያ ያነጋገርኩት አከራይ የስድስት ወር ጠየቀኝ። አዋጁን ስጠቅስለት «አዋጁን አውቀዋለሁ፤ ዕጣው የወጣው ግን ለኔ ነው» አለኝ። አልተከራከርኩም፤ ከመጀመሪያው ቀን በዚህ የሚጀምር አከራይ ቧንቧ ሲፈነዳ ምን እንደሚል ይገባኛል። የተከራየሁባቸው እናት የሁለት ወር ተቀብለው ውሉን አስመዘገቡ። የሁለት ዓመቱ ዋስትና ለእኔ ከኪራዩ መጠን ይበልጣል፤ ውሉ ሲያልቅ ሚጡ አራት ዓመት ይሆናታል፣ ኬጂ የምትገባበት ጊዜ ነው። ያኔ ሰፈር መቀየር ካለብን ትምህርት ቤቱን አስቀድመን መርጠን ቤቱን ከሱ አጠገብ እንፈልጋለን። አሁን በሁለት ዓመቷ «እዚያ ጥሩ ትምህርት ቤት አለ» እየተባለ የተጠቆሙኝን ሰፈሮች ሁሉ ያለፍኳቸው ለዚህ ነው።

ወረቀቱን ቶሎ ልጨርሰው፦ ከነበራችሁበት ቀበሌ መሸኛ ይዛችሁ ኑ፣ ካለዚያ አዲሱ ወረዳ ላይ ትጉላላላችሁ። የልጁን የክትባት ካርድ በእጅ ቦርሳ ያዙ፣ ከዕቃ ጋር በአይሱዙ አትላኩት። ሚጡ የ15 ወሩን የኩፍኝ ክትባት ባሕር ዳር ጨርሳ ነው የመጣችው፤ ግን ቫይታሚን ኤው በየስድስት ወሩ ይቀጥላል፣ ከሁለት ዓመት ጀምሮ የትል መድኃኒትም አለ፤ ጤና ጣቢያው መጀመሪያ የጠየቀኝ ያንኑ ካርድ ነው።

አክስቴ በጉልበታቸው እያዘገሙ በየጠዋቱ ይመጣሉ። ነፃ አይደለም። ሚጡ ቡና ሲፈላ ቶናዋን በማንኪያ እንደምትቀምስ ደርሼበታለሁ፤ ሻዩም ስኳር ይበዛዋል። ብናገር «አንቺንስ ማን አሳደገሽ?» ይሉኛል፤ መልስ የለኝም። አማቼ እስካሁን በአያት ነገር አልተረታም። ባለቤቴም መጥቶ ሳሎኑን ሲያይ «እዚህ ሶፋው እንዴት ይገባል?» አለ። አልገባም፤ ሸጥነው።

ሰሞኑን ከደሴ የተዛወረ ባልደረባ፣ መንታ ልጆች ያሉት፣ ሰሚት ሦስተኛ ፎቅ ቤት አግኝቶ «ልፈርም?» ብሎ ደወለልኝ። ቀን ቀን ልጆቹን ማን እንደሚይዝ ጠየቅሁት። «የባለቤቴ እናት» አለኝ። የት ነው የሚኖሩት ስለው «ሳሪስ» አለ። እንዳይፈርም ነግሬው የሳሪስ ደላላ ስልክ ላክሁለት፤ ውሃው ሦስተኛ ፎቅ ይደርስ እንደሆነም ሳይጠይቅ እንዳይዝ አደራ አልኩት።